የመስፍኑ ኮሌታ

ፌስታሉን ስፈታው መጀመሪያ የመጣብኝ የካፉር ሽታ ነው፣ ሣጥን ውስጥ ጨርቅ ላይ የሚነሰነሰው። ካፉር ይተናል፤ ሣጥን ውስጥ ቢቆልፉበት እንኳ ጥቂት ዓመት ነው የሚቆየው፤ ይሄ ጨርቅ ደግሞ የኔን ዕድሜ ሊያህል ትንሽ ነው የቀረው። ወንድሜ ጀማል «አፍንጫሽ አይደለም፣ ሆድሽ ነው ያሸተተው» ይለኛል። ይበል፤ እኔ ሸቶኛል። ያመጣችልኝ ሰዓዳ ናት፣ እዚሁ ዐደን፣ ኮርማክሳር ሰፈር፣ ሐጂ ፋሪስ ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ። «እትዬ ዘሀራ፣ ሐጂ ይሄን እጠቢ፣ በሩዝ ውሃም አጠንክሪው ብለውኛል። እኔ አላውቅበትም፤ እርስዎ የልብስ ሰፊ ልጅ ነዎት ብዬ ነው» አለችኝ። አወጣሁት። ዙሪያውን የተሸበሸበ፣ ወፍራም፣ ጭንቅላት ሳህን ላይ የተቀመጠ የሚያስመስል የድሮ ፈረንጅ ኮሌታ። ቢጫ ሆኗል። ገልበጥ አድርጌ ስፌቱን አየሁት፤ ረጃጅም፣ ላላ ያለ፣ አንዱን ጫፍ ቢስቡት ተተርትሮ የሚያልቅ ስፌት። የአባባ እጅ ነው። ጨርቁን ጨበጥኩት፤ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፣ ተናድጄ ነው።

«የሆላንድ መስፍን ልብስ ነው አሉ» አለች ሰዓዳ፣ ስልኳን እየከፈተች። የወንዶቹ ትምህርት ቤት የተከፈተበት በዓል ሊከበር ነው፤ የፋሪስ የልጅ ልጅ ያያቱን የልጅነት ፎቶ ለጥፎታል። ያ ኮሌታ አንገቱ ላይ፣ አገጩ ወደ ላይ። ከሥሩ በዐረብኛ «በእንግሊዞች ፊት የአመፅን ተውኔት የተወነ ጀግና» ይላል። አንድ ሺህ ሰው «ማሻአላህ» ብሎለታል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የኛው ጅብ እዚሁ በሚያውቁት አገር፣ በኔ ዓይን ፊት፣ በእናቴ ጨርቅ ላይ ነው ተነጠፈልኝ የሚለው። ሰዓዳ ፊቴን አይታ «ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች፤ የነገርኳትን ነው አሁን ለናንተም የምነግራችሁ።

እንግሊዝ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ክሬተር፣ ይቺ የምንኖርባት የዐደን ሰፈር፣ ያኔ ክሬተር ነበረች። አባባ የመን ተወልዶ ደሴ ያደገ፣ ደሴ ስፌት የተማረ፣ ደሴ እማዬን ያገባ ሰው ነው፤ ዘመድ ሲጠራው ይዟት ዐደን ገባ። ሱቃችን ከልብስ ሰፊዎቹ መስመር ጥግ ላይ ነበር፣ አሁን ስልክ የሚጠግኑበት። ጠዋት ጠዋት ለእንግሊዝ ወታደር ካኪ ቁምጣ፣ ከሰዓት ለክሬተር ሙሽሮች ሐር ይሰፋል። በወተት የፈላ፣ ሄል የገባበት የዐደን ሻሂ በሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ በአንድ ሽልንግ ሲኒማ ተገብቶ፣ ለውዝ ተበልቶ፣ በባስ ይመለሱበት ነበር። ከሻሂ ቤቱ ራዲዮ የዑድ ዘፈን ይወጣል፤ አባባ መኪናውን በዘፈኑ ምት ይረግጣል፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱ ይፈጥናል። ሴቶቹ ሲያልፉ ዓባያቸው ሥር የለበሱት ደማቅ ድሪ፣ ሰፊው ስስ ቀሚሳቸው፣ ይታያል፣ ከኋላቸው የፉል ሽታ ይቀራል፤ ፉል ያልኩት አበባውን ነው፣ ባቄላውን አይደለም። ዛሬ ያ መስመር የሚሸተው ናፍጣ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ማጡሩን፣ ጄኔሬተሩን ማለቴ ነው፣ በር ላይ ያስነሳል፤ ሰው ጎረቤቱን የሚያዋራው እየጮኸ ነው። እኛ ቤት ግን ያኔም ዛሬም የሚወራው አማርኛ ነው። እማዬ ዐረብኛዋ የገበያ ነበር፤ ስትናደድ፣ ስትጸልይና ልጅ ስታባብል የምትለው በወሎ አፏ ነው።

ጀማል የሚማርበት ትምህርት ቤት አንድ ኡስታዝ ነበር፣ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ውስጡ የሚነድ። ስለ ዐደን ተውኔት ቢጽፍ በማግስቱ ያስሩታል፤ የሚሠራውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያነብ የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ አለ። ስለዚህ ሄዶ ሄዶ ሆላንድ ገባ። ስፔን ሆላንድን ትገዛ በነበረበት ዘመን፣ አመፁን የመራ አንድ መስፍን ነበረ፤ «ዝምተኛው» ይሉታል። ትልቅ ባለርስት ነው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ያደገ፤ ሽማግሌው ዙፋኑን ሲለቅ የተደገፈው የሱን ትከሻ ነው። ልጅየው ሲነግሥ ግን ሕዝቡን በእምነቱ እያቃጠለ፣ በግብር እያጎበጠ አስለቀሰው። አንድ ቀን የፈረንሳይ ንጉሥ አብረው አደን ወጥተው ሳሉ፣ መስፍኑ ምሥጢሩን የሚያውቅ መስሎት፣ እነዚያን በእምነታቸው የሚቃጠሉትን ሰዎች ከምድር ለማጥፋት የተመከረውን ሁሉ ዘረገፈለት። መስፍኑ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ሰማ፣ ዝም አለ፣ ጊዜው ሲደርስ ተነሣ። የብር ሳህኑንና ጌጡን ሸጦ ጦር አቆመ፤ ወንድሞቹን ለጦርነት ገበረ፤ ከተማቸው ስትከበብ የባሕሩን ግድብ አፍርሰው ባሕሩን በጠላት ላይ ለቀቁበት። በመጨረሻ ንጉሡ በራሱ ላይ ዋጋ አስቆረጠበት፣ ቤቱ የገባ ሰውም ደረጃው ላይ ገደለው። እንግዲህ ይሄን ክሬተር ውስጥ፣ በዚያ ሰሞን፣ ማን ነው ስለ ሆላንድ ነው ብሎ የሚሰማው? ተቆጣጣሪው ብቻ ነው። ስፔን ድሮ የእንግሊዝም ጠላት ነበረችና ጽሑፉን አንብቦ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ፈረመበት። ኡስታዙ ያን ቀን ሱቃችን መጥቶ እስኪያስለው ሳቀ።

መስፍኑን እንዲሆን የመረጠው ጀማልን ነው። ሌሎቹ ልጆች ዝም በሉ ሲባሉ ይስቃሉ፣ ያካካሉ። ጀማል ዝም ካለ ዝም ነው። ማታ ማታ እማዬ ፊት ይለማመዳል፤ እኔ የፈረንሳይ ንጉሥ ሆኜ ትራስ ላይ በፈረስ እቀመጣለሁ። እማዬ «ይሄ ሰውዬ እስላም ነው?» አለችው። «አይደለም እማዬ።» «ይሁን። እናቱስ?» «ልጆቿ ጦርነቱ ላይ አለቁባት።» «እኔን» አለች፣ እንደምታውቃት ጎረቤት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ሰውዬው ሳይሆን ስለ እናቱ ነበር የምትጠይቀው። ሌላም ነገር ወደደችለት። የንጉሡ ሹማምንት አቤት የሚሉትን መኳንንት «ለማኞች» ሲሏቸው፣ መኳንንቱ ስሙን ተቀብለው የለማኝ ቆሬ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። «እኛንም ሙወለድ ይሉን የለ» አለች። ሙወለድ ማለት እንግዲህ ከውጭ ሴት የተወለደ ማለት ነው፤ ቃሉ ክፉ አይደለም፤ አፋቸው ነው ክፉ።

ኮሌታው የሚሠራበት ነጭ ሻሽ ጠፋ። ወደቡ ኢዝራብ፣ አድማ ላይ ነበር፤ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ፣ መርከቡ ባሕር ላይ ቆሞ፣ ክሬተር ውስጥ አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ የለም። አባባ «በካኪ ልሥራው?» ሲል ጀማል እንባው መጣ፤ ካኪ የለበሰ መስፍን ምን ሊባል ነው፣ እንግሊዝ ሊሆን ነው። እማዬ ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተች። ሐጅ ያደረገ ሰው ከፈኑን መካ ገዝቶ፣ በዘምዘም ውሃ ነክሮ፣ አድርቆ፣ ይዞ ይመለሳል፤ የእማዬም ካፉር ተነስንሶበት እዚያ ተቀምጦ ነበር፣ ቀጭን ሻሽ፣ ሲነኩት የሚሸሽ። አባባ «አብደሻል?» አላት። «ከሞትኩ በኋላ የምለብሰውን በቁሜ ልጄ ላይ ብቻ ልየው። ሲያልቅ ትመልስልኛለህ» አለችው። አባባ ደግሞ ከፈን በመቀስ አልነካም አለ። ሙሉውን ጨርቅ በርዝመቱ እያጠፈ፣ እያጠፈ፣ ጠባብ መቀነት አደረገው፤ መቀነቱን ሸበሸበው፤ በላላ ክር ያዘው፤ በሩዝ ውሃ አጠነከረው። አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ለዚያ ነው ያን ያህል የወፈረው። ጀማል አንገት ላይ ሲያስሩለት እማዬ ራቅ ብላ አየችውና «አሁን መስፍን ሆንክ» አለችው። ከቤታችን ውጭ ይሄን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ የከፈን ጨርቅ መድረክ ላይ ወጣ ቢባል ሰው ይሸሻል፣ ሟርት ነው ይላል።

ተውኔቱ የሚታይበት የትምህርት ቤቱ በዓል ሲቃረብ የፋሪስ አባት ልምምዱን ሊያይ መጣ። ነጋዴ ነው፣ ወንበሩንም ምንጣፉንም የሰጠ እሱ ነው። ጀማልን አየውና ኡስታዙን «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለው። «የልብስ ሰፊው።» «የሐበሻይቱ? መስፍን ማለት አስል፣ የዘር ግንድ ያለው ነው፣ ኡስታዝ። ሙወለድ መስፍን አድርጋችሁ በኛ ልታስቁ ነው?» ልብ በሉ፤ ተውኔቱ ስለምን ነው? ሰው በሰው ላይ አይጫን የሚል ተውኔት ነው። ያ በእንግሊዝ ላይ የሚነድ ኡስታዝ ለወንበር ሲል ነበልባሉ ጠፋ። «ጀማል ገዳዩን ይሥራ፤ እሱም ትልቅ ቦታ ነው» አለ። መስፍንነቱ ለፋሪስ ሆነ፤ ከነኮሌታው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። አባባ ሊከራከር ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። «ሰው ፊት የሚስቴ ከፈን ነው እንዴት እላለሁ? ሲያልቅ ይመልሳሉ» አለ። እማዬ ድስቷን ስታማስል ዋለች። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ያን ቀን ያረረ ሆዴ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ቢበርድም አልፈልግም።

ትርዒቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ግቢው ውስጥ ነበር። ተቆጣጣሪው ነጭ ቁምጣውን፣ ረጅም ካልሲውን አድርጎ ፊት ተቀምጧል። ፋሪስ ወጣ፤ አንገቱ ወፍራም ነው፣ ኮሌታው ከኋላ አልገጥም ብሎት በገመድ አስረውታል። ያቺ ዝም የሚልባት ቦታ ስትደርስ ወደ አባቱ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ቢሆንም ሰዉ ተውኔቱን ወደደው፤ ስፔን በተሰደበ ቁጥር ግቢው ይናጋል፤ ተቆጣጣሪውም አብሮ ያጨበጭባል፣ ማን እየተሰደበ እንደሆነ ሳይገባው። መጨረሻ ላይ ደረጃው መጣ። ጀማል የእንጨት ሽጉጥ ይዞ ከመጋረጃ ወጣ። ከጀርባ አንድ ልጅ ሁለት ጣውላ ይዟል፣ ጀማል ክንዱን ሲዘረጋ ሊያጮኸው። ጀማል ክንዱን ዘረጋ። ኮሌታውን አየው። ሴቶች የተቀመጡበት በኩል እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ክንዱን መለሰ፣ ሽጉጡን ደረጃው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወርዶ ሄደ። ጣውላውም አልጮኸም። ፋሪስ ጠበቀ፤ ወደ መጋረጃው አየ፤ «አሁን ልውደቅ?» አለ ሁሉ እየሰማው። ከዚያ የመታው ሳይኖር ደረቱን ይዞ ወደቀ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ፤ ሕፃኑ፣ ሴቱ፣ ተቆጣጣሪው ሳይቀር። ያልሳቅነው እኛ ብቻ ነን። ቤት ስንገባ አባባ «ለምን?» አለው። «የእማዬ ከፈን ላይ አልተኩስም» አለ ጀማል። ስለዚያ ቀን የተናገረው ይሄው ነው፤ ደግሞ አልደገመውም።

ከትምህርት ቤት አባረሩት። ወደብ ገባ፣ ጆንያ ተሸከመ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ እዚያው ቆየ። አባባ ኮሌታውን ሲጠይቅ የፋሪስ አባት «ጠፋ» አለው፤ ደግሞ ሲሄድ «ጠፋ አልኩህ፤ ልጅህ በልጄ አሳቀበት፣ ጭራሽ ጨርቅ ትጠይቀኛለህ?» አለው። እንግሊዝ ወጣ፣ ባንዲራ ተቀየረ፣ ደግሞ ተቀየረ። እማዬ በአንድ የሚያቃጥል በጋ ታመመች። መጨረሻዋ ላይ ዓይኗን ገልጣ «ጀማል፣ ከፈኔስ?» አለችው። «አለ እማዬ» አላት። የለም። ከገበያ አቡጀዴ ገዝቼ መጣሁ፣ ሻካራ፣ ሙጫው ያልለቀቀ። ኢማሙ «ንጹሕ ከሆነ ማንኛውም ይበቃል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ግን እሷ ያን ነበር የጠየቀችው። አቡጀዴውን በእጄ ስቀደው የወጣው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ስንት ጦርነት መጣ፤ ቤት ፈረሰ፣ ሰው አለቀ፤ ያ ኮሌታ ግን በፋሪስ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ በደኅና ኖሯል። ጠፋ የተባለው።

ሰዓዳ ይሄን ስትሰማ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። «እትዬ፣ ካልመለስኩት ሰረቀች ይሉኛል። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬም፣ ፓስፖርቴም እሳቸው ጋ ነው።» «አንቺ ሂጂና ዘሀራ አልሰጥም አለች፣ ራስዎ ይምጡ አለች በይው። ሌላ ቃል አትጨምሪ» አልኳት። እሷ ስትወጣ ጀማል ወደሚኖርበት ሰፈር፣ አል-ሚምዳራ ደወልኩ። ጀማል ክሬተርን አይወድም፤ በባስ ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። «ኮሌታው ተገኘ» አልኩት። «መጣሁ» አለ።

ሰገነት ላይ ነው የተቀመጥነው፣ ከውሃ በርሜሉ ጥላ ሥር። እኔ የክሩን ጫፍ ፈልጌ ሳብኩ። የአባባ ስፌት እሺ እያለ፣ እሺ እያለ ተተረተረ፤ ሸብሸቦው ተፈታ፣ እጥፉ ተዘረጋ፣ ያ የአንገት ነገር እየሰፋ፣ እየረዘመ መጣ። ጀማል አንዱን ጫፍ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ግድግዳው ያዘው። ሰው ሙሉ የሚከድን ጨርቅ ነው። የላይኛው እጥፍ ቢጫ ነው፤ ውስጡ ግን መካ እንደተገዛ ነጭ። አለቀስኩ፣ እየተሳደብኩ አለቀስኩ። ጀማል «ተይ፣ ውሃ አይንካው» አለኝ። እዚያው እያለን ታች በሩ ተንኳኳ።

ፋሪስ ምርኩዙን ይዞ ደረጃችንን እያለከለከ ይወጣል፤ የልጅ ልጁን መኪና ውስጥ ትቶት ነው የመጣው፣ ምን እንደምናገር ያውቃልና። ጀማል ከላይ ቆመ፤ እኔ ከጎኑ። ፋሪስ መሐል ደረጃው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ጀማልን አየውና ቆመ።

«አስሰላሙ ዐለይኩም። ዘሀራ፣ ኮሌታዬን ለምን ያዝሽብኝ? በዓሉ ደርሷል፣ ሰው ይጠብቀኛል።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ኮሌታህን?»

«የመስፍኑን። የዐደን ታሪክ ነው እሱ።»

«አባትህ ጠፋ ብሎን ነበር።»

«አባቴ ሞቷል፤ ሟች አይነሣም» አለ።

«የኔም እናት ሞታለች። የለበሰችው አቡጀዴ ነው» አልኩትና ጨርቁን ከክንዴ ላይ ለቀቅኩት። ደረጃውን ይዞ ወረደ፣ እግሩ ሥር ደረሰ። «ይኸውልህ። የእናቴ ከፈን ነው፣ በዘምዘም የተነከረ። ለልጇ ሰጠችው፤ እናንተ ልጇን አውልቃችሁ አንተን አለበሳችሁበት። ካሻህ ውሰደው። ግን ከእንግዲህ ለአንገት አይሆንም፤ የሚለበስ ከሆነ ለሙሉ ገላ ነው።»

ሊያነሣው ጎንበስ ብሎ ነበር። እጁን መለሰ። አንገቱን ዳሰሰ፣ እውነቴን ነው፣ ያን ወፍራም አንገቱን በእጁ ዳሰሰ። «ወላሂ አላወቅኩም» አለ። ያላወቀው ከፈን መሆኑን ነው፤ የኛ መሆኑን ያውቃል። ይሄንኑ ነገርኩት። «ደግሞ ስማ፤ በዚያች ልጅ ላይ አንዲት ክፉ ቃል ብትናገር፣ ፓስፖርቷን ዛሬ በእጇ ባትሰጥ፣ ይሄን ከፈን ይዤ በዓልህ ላይ ፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ስለ ዝምተኛው መስፍን ሲጠይቁኝ እኔ ዝምተኛ አይደለሁም።»

ፋሪስ ጀማልን ተመለከተ፤ ከሱ የሚመጣ ነገር ይጠብቅ ነበር። እንደዚያን ቀን ጠበቀ። ጀማል ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ከደረጃው ላይ እየሰበሰበ፣ «ግድግዳውን ያዝና ውረድ፣ ፋሪስ። ደረጃው ያንሸራትታል» አለው። ወረደ።

በዓሉ ተከበረ አሉ፤ መስፍኑ ያለ ኮሌታ ነው የተቀመጠው። ሰዓዳ ፓስፖርቷን ይዛ አሁን እኔ ጋ ናት። ከፈኑን አብረን አጥበን፣ ካፉር ነስንሰን የእማዬ ሣጥን ውስጥ መለስነው። ቢጫው ለቀቀ፤ የአባባ ሸብሸቦ ግን ብናጥበውም፣ ብንጎትተውም እምቢ አለ። ጀማል «ላንቺ ይሁን፤ የሴት ነው» ብሎኛል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ለሰዓዳ ነግሬያታለሁ፤ የሚያጥቡኝ ሴቶች ይሄ ከፈን ለምን ተሸበሸበ ካሉሽ፣ ወንድሟ መስፍን ነበረ በያቸው።